የመድኃኒት ፊቱና ጎኑ

ከከተማችን በስተደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሀና ማርያም በሚባለው ሰፈር፣ በዐቢይ ጾም በመጋቢት 21 ቀን፣ የጾሙ ቅዳሴ አብቅቶ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ ታክሲዎች ከሚቆሙበት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች አንዲት እናት፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘውን ቀጭን ወረቀት ዘርግታ ወደ እኔ በማቅረብ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ደኅና ከሆነ እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ» ብላ ለመነችኝ። ልጅዋ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጥል ሕመም አለበት። ለብዙ ዓመት ማታ ማታ የሚወስደው ፌኖባርቢታል የተባለውን ክኒን ነበር፤ ነገር ግን «ጋሼ፣ አፈዘዘብኝ፤ ትምህርት ቤት እየሄደ ደብተሩ ላይ ይተኛል» ብላ ለሐኪሙ ብትነግረው ሐኪሙ ቀስ በቀስ ወደ ካርባማዜፒን አዛወረላት። የፊተኛው ክኒን ሁልጊዜ ከትልቅ ብልቃጥ እየተቆጠረ በፖስታ የሚሰጣት ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለች ወረቀት ባይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወረቀቷ ስትዘረጋ ክንድ ያህል የምትረዝም፣ ፊደልዋም ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ስትሆን፣ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ነበረ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ማዞር፣ ድብታ፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የነጭ ደም ሕዋሳት ማነስ፣ የጉበት መቆጣት እያልሁ ወደ ታች በወረድሁ መጠን የእናቲቱ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ ወደ ዐሥራ አምስተኛው ደዌ ስደርስም እጅዋን ካፍዋ ላይ ጭና «ይህን ሁሉ ነው በልጄ ላይ የሚያመጣበት? ከዚህስ በወር አንድ ጊዜ ቢጥለው አይሻልም?» አለችኝ።

ቆሜ የመለስሁላት ጥቂት ነበር። ያች ወረቀት የተጻፈችበትን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ሁሉ እንደርስዋ መደንገጡ አይቀርም፤ ምክንያቱም መድኃኒት ሠሪው በሕግ ተገድዶ የታየውን ሁሉ ይጽፋል፣ ሲጽፍም የጽዋ ማኅበር ጸሐፊ የአባላትን ስም እንደሚጠራ፣ በየወሩ ሳይጓደል የሚመጣውንም ዓመት ሙሉ ፊቱ ያልታየውንም ባንድ ድምፅ ይጠራዋል። ልዩነቱ ያለው ከስሙ አጠገብ በሰፈረችው ትንሽ ቃል ላይ ነው፤ «እጅግ የተለመደ» የሚለው ከ10 ሰው ከ1 በሚበልጠው ላይ የሚታየውን፣ «ብርቅ» የሚለው ከ1,000 ሰው 1 እንኳ የማይደርሰውን፣ «እጅግ ብርቅ» የሚለው ደግሞ ከ10,000 ሰው 1 የማይሞላውን ያመለክታል። እናቲቱን ያስደነገጣት ጉበት ከዳር ተቀምጦ የነበረ ሲሆን፣ ማዞርና ድብታ ግን በግንባር የተቀመጡ ነበሩ።

የጤና ባለሙያዎች «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚሉትን ቃል ልብ ብሎ ለሚመረምረው፣ መድኃኒቱ ፈውስን ይዞ በፊት ለፊት በር ሲገባ፣ ጉዳት የተባለ ሌላ እንግዳ በጓሮ በኩል ሹልክ ብሎ አብሮት የገባ ያስመስለዋል። የነገሩ ባሕርይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። የአንጎላችን ሕዋሳት እጅግ ደካማ በሆነ ኤሌክትሪክ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ንግግራቸውም እንደ ማኅሌት ሥርዓት አለው፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል፣ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ጸጥ ይላል። የሚጥል ሕመም የምንለው ይህ ሥርዓት ፈርሶ፣ በግራም በቀኝም የቆሙት ሁሉ ባንድ ጊዜ ባንድ ቃል ሲጮኹ የሚሆነው ነው። ፌኖባርቢታል በአንጎል ውስጥ «ጸጥ በሉ» የሚለውን የተፈጥሮ ትእዛዝ ያጠነክራል፤ ፌኒቶይን የሚባለው ሌላ መድኃኒትና ካርባማዜፒን ደግሞ ሶዲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን ቀዳዳ እየያዙ በላይ በላዩ እንዳይጮኽ ያደርጉታል። ሆኖም ከእነዚህ ውስጥ ሥርዓት ያፈረሰውን አንዱን ብቻ ለይቶ ዝም የሚያሰኝ የለም፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው የማኅሌተኛውን ሁሉ ነው። ስለዚህ ድብታው፣ መፍዘዙ፣ የእግር መንገዳገዱ፣ ፈውሱ በገባበት በዚያው በር የገቡ ናቸው እንጂ ከጓሮ የመጡ አይደሉም።

ይህም ባንድ ታሪክ ይገለጣል። ፌኖባርቢታልን እ.ኤ.አ. በ1912፣ ዳግማዊ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ፣ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ «ሉሚናል» ብሎ ለገበያ ሲያወጣው የታሰበው የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲሆን ነበር። በዚያው ዓመት በፍራይቡርግ ከተማ ወጣት ሐኪም የነበረው አልፍሬድ ሃውፕትማን፣ እንደሚተረከው፣ ሌሊት በሚጥላቸው ሕሙማን ጫጫታ እንቅልፍ ስላጣ ይህን መድኃኒት ቢሰጣቸው፣ ሌሊቱ ጸጥ ከማለቱ በላይ የሚጥላቸው ራሱ ቀንም ጭምር እየቀነሰ መሄዱን አስተዋለ። እንግዲህ ያን ጊዜ እንቅልፉ የመድኃኒቱ ፊት፣ የሚጥለውን ማስታገሱ ጎኑ ነበረ፤ ዛሬ ጎኑ ፊት፣ ፊቱ ጎን ሆኗል። ቫልፕሮየት የሚባለው ሌላው መድኃኒትማ ከዚህ የባሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ተሠርቶ ለሰማንያ ዓመት ያህል ሌላ ነገር ማሟሚያ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር በግረኖብል፣ ፒየር ኤማር የተባለ ተማሪ ሌሎች ቅመሞችን በእርሱ እያሟሟ ሲፈትን፣ የፈተነው ሁሉ የሚጥለውን ሲከላከል አይቶ፣ ሥራው የቅመሞቹ ሳይሆን የማሟሚያው መሆኑ ታወቀ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፌኖባርቢታል በዋጋው ርካሽነትና በቀን አንድ ጊዜ በመወሰዱ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ የድኻው ሕመምተኛ ዋና ረዳት ሆኖ ይኖራል። ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በሚበልጥ ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ሲያሳዩ፣ ከእነዚያም ሕሙማን ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለቀሩት የነበራቸው ጠበል፣ ክታብ፣ ሲጥላቸውም ባፍንጫቸው የሚያዝላቸው የክብሪት ጢስ ነው። ስለ መድኃኒት ጉዳት የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም፤ ክኒኑን ያላገኘው ሰው እሳት ላይ ይወድቃልና፣ ወንዝ ሲሻገር ይወድቃልና።

አሁን የየመድኃኒቱን ጠባይ ለየብቻ እንመልከት። ፌኖባርቢታል ዝግተኛ ነው፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ እኩሌታው እንኳ እስኪወጣ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ ዝግታው የተነሣ አንድ ሌሊት ቢዘነጋ ወዲያው አይቆጣም፤ ነገር ግን ሥራውም ድብታውም ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ሰው በዚያ በመጀመሪያው ወር «አደነዘዘኝ» ብሎ ይጥለዋል፤ ጥቂት ቢታገሠው ግን ሰውነቱ ይለምደውና ድብታው ሊቀንስለት ይችል ነበር። በልጆች ላይ ግን ጠባዩ የተገላቢጦሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሚያስተኛው መድኃኒት ልጁን ቁጡና እረፍት የለሽ፣ ካንድ ነገር ላይ የማይረጋ ያደርገዋል፤ እናቶችም ባለጌ ሆነብን እያሉ ልጁን ይቀጡታል፤ የተቀጣው ግን በክኒኑ ጥፋት ነው። ለብዙ ዓመት የወሰዱት ሰዎች ቫይታሚን ዲ ስለሚጎድላቸው አጥንታቸው ሊሳሳ ይችላል። ከጠላና ከአረቄ ጋርማ ፈጽሞ አይስማማም፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንቅልፉን እስከ ትንፋሽ መታፈን ያጠልቁታል።

ይህን መድኃኒት ሰንቆ ሳይዝ ቆላ የወረደ ወይም ተሻለኝ ብሎ ባንድ ቀን ያቋረጠ ሰው የሚያገኘው አደጋ ከጉዳቶቹ ሁሉ ይከፋል። ለዓመታት ዝቅ ብሎ የኖረው ድምፅ ባንድ ጊዜ ይለቀቅና፣ አንዱ ሳያበቃ ሌላው እየተደረበ ፋታ ሳይሰጥ ይጥለዋል፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መጣል ለነፍስ የሚያሰጋ ስለሆነ ወደ ሆስፒታል መሮጥን ይጠይቃል። ሐኪም መድኃኒት ሲለውጥ በሳምንታት ቀስ እያለ አንዱን እየቀነሰ ሌላውን የሚጨምረው ስለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ውል ቁጥጥር ከተደረገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ያለ ልዩ ማዘዣ አይሸጥም፣ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም፤ «ነገ እገዛለሁ» የሚል ሰው ነገን ባዶ እጁን ሊያገኘው ይችላል።

ፌኒቶይን ከዚህ የተለየ፣ እኔ በግሌ ተንኮለኛ የምለው መድኃኒት ነው። የሀና ማርያም ዓመታዊ ንግሥ በሆነ ጊዜ በቅጥሩ በር ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ጠባዩን በቀላሉ ያስተውለዋል። በሩ በደቂቃ የሚያሳልፈው የታወቀ ቁጥር ነው፤ ሕዝቡ ከዚያ እስካላለፈ ድረስ ማንም አይጨናነቅም፤ በሩ ከሚያሳልፈው ጥቂት ብቻ ሲበልጥ ግን ትርፉ እየተጠራቀመ በአንድ አፍታ መንገዱን ይሞላዋል። ፌኒቶይንን የሚያጠፋው ጉበት እንደዚያ በር ነው፤ በቀን 300 ሚሊ ግራም ያለ ችግር ሲያሳልፍ የኖረ ሰው 400 ቢደረግለት፣ የተጨመረው ሲሦ ሆኖ ሳለ በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ዓይኑ ይርገበገባል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፤ አንዲት መለኪያ ያልቀመሰው ሰው በሰፈሩ «ሰካራም» የሚል ስም ይወጣለታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ደግሞ ያንኑ በር ይበልጥ ያጠበዋልና፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ለሚያክመው ሐኪም መንገር አለበት። በረጅም ጊዜ ፌኒቶይን ድድን ያሳብጣል፣ በፊት ላይም ጠጉር ያበቅላል፤ ጠጉሩ ለልጃገረዶች ትልቅ ኀዘን ነው፤ ድዱን ግን ጧትና ማታ መፋቂያ ወይም ብሩሽ ያልተለየው አፍ በብዙ ይቋቋመዋል።

ካርባማዜፒን ከፌኖባርቢታል ይልቅ አእምሮን እምብዛም አያፈዝም። መጠኑ ከበዛ ወይም ባንድ ጊዜ ከተወሰደ ያዞራል፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ በሸመገሉ ሰዎች ላይ የደምን ጨው ይቀንሳል። አንድ የሚያስገርም ነገር አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱን ራሱን እንዲያጠፋው ጉበትን ያስተምረዋል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ የበቃው መጠን ከወር በኋላ ላይበቃ ይችላል። ሐኪሙ ክኒኑን ሲጨምር «ሕመሙ ጸናበት» ብሎ የሚደነግጥ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ይረጋጋል።

ይህ ጉበትን የማስተማር ነገር በአገራችን ሴቶች ላይ ብዙ ያልተነገረ ጣጣ ያመጣል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሦስቱም ጉበትን ስለሚያነቁት፣ እርግዝናን ለመከላከል የሚዋጠውን እንክብልና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላንት ከጊዜው በፊት ኃይሉን ያሳጡታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን ኢምፕላንት መቅበር ከጀመሩ ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ ይህ ዘዴ በየቀበሌው ስለ ተስፋፋ፣ ክኒኗን ከጎረቤት ደብቃ የምትወስድ ሴት ለኤክስቴንሽኗም ሳትናገር ክንዷን ትሰጣለች፤ ከወራት በኋላም አርግዛ ትገኛለች። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን በዚህ አይነካም። እኔ እንደሚመስለኝ ከጉዳቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል ጥያቄ የሚድን እንደዚህ ያለ የለም፤ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» የሚል ጥያቄ ነው፣ የሚያስፈልገውም ልጅቱ ያለ ኀፍረት የምትመልስበት ክፍል ነው።

ቫልፕሮየት በብዙ ዓይነት መጣል ላይ ጽኑዕ ነው፤ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ያወፍራል፣ ጠጉርን ያሳሳል፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ጉበት ላይም ያሰጋል። ከባድ ነገሩ ግን በማኅፀን ያለውን ፅንስ መጉዳቱ ነው። በተለመደው እርግዝና ከ100 ሕፃን ሁለት ወይም ሦስቱ የአካል ጉድለት ይዘው ሲወለዱ፣ እናታቸው ቫልፕሮየት ከወሰደች ከ10 አንዱ ያህል ይሆናሉ፤ ከ10 ደግሞ ሦስት ወይም አራቱ ኋላ በንግግርና በትምህርት ይዘገያሉ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዳይታዘዝ መክሯል። ይህን ሰምታ ያረገዘች ሴት በድንጋጤ ክኒኗን ብታቋርጥ ግን የሚጥላት ሕመም ለርስዋም ለፅንሱም ሌላ አደጋ ይሆናል፤ ያላረገዘችም ብትሆን ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቀደም ብላ መጀመርና መድኃኒቷን ከሐኪሙ ጋር መለወጥ ትችላለች።

«ከጎን የመጣ» የሚለው ስም ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ጉዳት የቆዳ ሽፍታ ነው። ይህ ከጸጥታው በር አይመጣም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚሆን ነው፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። ቀላሉ እከክ ብቻ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ከንፈርንና አፍን የሚያቆስል፣ ዓይንን የሚያቀላ፣ ቆዳን እንደ ተቃጠለ የሚልጥ ከሆነ ግን፣ መድኃኒት በራስ ሥልጣን አይቋረጥም የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ክኒኑን አቁሞ ያን ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የዓይን ቢጫ መሆንና የማያቋርጥ ትውከትም ያን ቀን ሐኪም ማየትን ይጠይቃሉ። በየጤና ተቋሙ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላክ አንድ ቢጫ ቅጽ አለ፤ ባለሙያው የሕመምተኛውን ጉዳት ጽፎ ይልክበታል። ብዙዎች ሕሙማን መኖሩን አያውቁም፤ ብዙዎች ባለሙያዎችም መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል።

ጠበሉንም ሳልጠቅስ ባልፍ ነገሬ ጎዶሎ ይሆናል። በየጠበሉ ቦታ «ክኒንህን ጥለህ በእምነት ተጠመቅ» የሚሉ አይጠፉም፤ የሚሉትም ክፋት አስበው አይደለም። ሆኖም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ለዚህም ሕመም ብርሃን ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያወጣል። ይህን የማነሣው ለክርክር አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ከጾም ሰዓት ጋር ሲጋጭ የሚሆን አንድ ቀላል የሒሳብ ነገር አለ። ጧት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚውጥ ሰው፣ ጧቱን እስከ 9 ሰዓት ቢያዘገየው፣ ከትናንት ማታ እስከዚያ 20 ሰዓት ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ እስከ ዛሬ ማታ ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በባዶው ጊዜ ሊጥለው ይችላል፤ በተደራረበው ጊዜ ዓይኑ ይታለላል። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ወንድማችን ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ ማታ አንድ ጊዜ ስለሚበቃው ይህ አይነካውም፤ ካርባማዜፒን ከሆነ ግን ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ከዚህ ሁሉ ለዚያች እናት በቆምሁበት የነገርኋት አንድ እፍኝ አይሞላም ነበር። እያወራን ሳለን ልጁ ቦርሳውን አንግቶ መጣና ከጎኗ ቆመ፤ ቀጭን፣ ዓይነ ብሩህ ልጅ ነው። «አንዱን ሁለት ማየት» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ስጠራ ወደ መሬት ሲያቀረቅር አየሁትና «አንተንስ አጋጥሞሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ትናንት ማታ፣ ከአክስቴ ቤት ስመለስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ታክሲው ሁለት ሆኖ ታየኝ።»

«ክኒንህን ስንት ሰዓት ዋጥህ?»

እናቱን ሰረቅ አድርጎ አያትና «እጾማለሁ እኮ፤ የጧቱን 9 ሰዓት ላይ፣ የማታውን 1 ሰዓት ላይ» አለ።

እናቲቱ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብላ ባራት አጠፈችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት፤ ወደ መድኃኒት ቤቱም ተመልሳ ገብታ ባለ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር በስልክ እንዲያገናኛት ስትለምነው ከውጭ እንሰማት ነበር። እኔና ልጁ ደጃፉ ላይ ቆመን ቀረን።

«ታዲያ ከሁለቱ ታክሲ በየትኛው ተሳፈርህ?» ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

«ረዳቱ ሀና ማርያም እያለ በሚጮኸው።»